ቀፎው የእኛ፣ ቀለሙ የማን?

(ቦምቤ፣ ወላይታ። መንገድ ዳር ያለ የእንጨት ሥራ ቤት። መብራት ስለጠፋ መጋዙ ቆሟል። አንደኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ያሠሩትን በር ሊወስዱ መጥተዋል። ሌላው ወጣት አናጢ ነው። ከመላጊያውና ከመሮው አጠገብ ጥቂት የእንጨት እስክሪብቶዎች ተደርድረዋል።)

መምህሩ፦ እኔ በር እጠብቃለሁ፤ አንተ እስክሪብቶ ትቀርጻለህ?

አናጢው፦ በርዎ አልቋል ጋሼ። ሁለተኛው ቫርኒሽ እስኪደርቅ ነው። ይልቅ ይቺን ይያዟት፤ የበርዎ ልጅ ናት።

መምህሩ፦ እንዴት ሆና?

አናጢው፦ ጣውላውን በልክ ስቆርጥ ከጫፉ ስንዝር የማትሞላ ተረፈች። ዋንዛ ነው። ቀድሞ ቢሆን እንዲህ ያለው ቁራጭ ሻይ ይፈላበት ነበር። አሁን ግን ማንም እንዲነካብኝ አልፈቅድም።

መምህሩ፦ እንግዲያው ዋጋ ስንነጋገር የእንጨቱን ትቀንስልኛለህ። አንዴ ከፍዬበታለሁ።

አናጢው፦ እንጨቱንማ በነጻ ነው የምሰጥዎ። የምሸጠው ሌላውን ነው።

መምህሩ፦ ሌላው ምንድን ነው? እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ፤ መብራቱ እንደሆነ ቶሎ አይመጣም።

አናጢው፦ ቁራጩን መጀመሪያ አራት ማዕዘን አድርጌ አወጣዋለሁ፤ ጎኑ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 12 ወይም 13። ከዚያ ይደርቃል። እናቴ ቤት ቆጡ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ የምድጃው ሙቀት ቀስ እያለ ያደርቀዋል። ከጎረቤት ሱቅ የቅመም ሚዛን እየተዋስኩ እመዝነዋለሁ፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲተው ደርቋል ማለት ነው። እዚህ ላይ ችኮላ የለም። እርጥብ እንጨት ዛሬ ልክ ቢሆን ነገ ይሸሻል። ቀጥሎ መብሳት ነው። በሞርሳ አስሬ በ7 ሚሊ ሜትር ፑንታ ከጫፍ እስከ ጫፍ እበሳዋለሁ። ከተበላሸ የሚበላሸው እዚህ ነው። ፑንታው ከመሃል ትንሽ ከሸሸ አንዱ ጎን ይሳሳል፤ ኋላ ቶርኖ ላይ ሲወጣ ይፈነዳል። ደግሞ አንድ ሳንቲ ሜትር በገባ ቁጥር ፑንታውን አውጥቶ ብናኙን ማራገፍ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ይታፈናል፣ ይግላል፣ እንጨቱ ከውስጥ ይሰነጠቃል። ተበስቶ ሲያልቅ የነሐስ ቱቦ በኮላ ይገባበታል።

መምህሩ፦ ነሐሱ ለምን?

አናጢው፦ እንጨቱ እየሳሳ ሲሄድ ከውስጥ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ከዚያ ቶርኖ። ቶርኖ ስል ይቺን ነው፤ ትራፓኖ አጋድሜ አስሬ፣ በወዲያኛው ጫፍ ሹል ብረት ደግፌ የሠራኋት። ማዕዘኑ መጀመሪያ መሮውን እየመታ ታ ታ ታ ይላል፤ እየከበበ ሲመጣ ድምፁ ይለወጥና ሽ የሚል ብቻ ይቀራል። ያን ጊዜ ሳላይም መክበቡን አውቃለሁ። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት፣ ከ150 ቁጥር ጀምሮ እስከ 600 እየለሰለሰ። መጨረሻ ላይ የማር ሰም አስነካዋለሁ፤ እየተሽከረከረ በጨርቅ ሲታሽ ሰሙ ይቀልጥና እንጨቱ ውስጥ ይገባል።

መምህሩ፦ (እስክሪብቶውን ብርሃን ወዳለበት በር ወስደው ያገላብጡታል) ቱቦው 7 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለእንጨቱ ስንት ቀረለት?

አናጢው፦ ጫፎቹ ላይ አንድ ሚሊ ሜትርም አይሞላም። ሆዱ ላይ ትንሽ ይወፍራል።

መምህሩ፦ ነሐስ የእንጨት ሸሚዝ ለብሶ ነዋ። ይሄ ሹሉ ጫፍስ? ይሄ የሚጠመዘዘው? ማንጠልጠያው?

አናጢው፦ እሱ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ነው። አንድ ላይ ታሽጎ ይሸጣል፤ ቱቦው፣ ጫፉ፣ መጠምዘዣው፣ ማንጠልጠያው። ውጭ አገር በትርፍ ጊዜው እስክሪብቶ የሚሠራ ሰው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ይሄንኑ ገዝቶ ነው እንጨቱን ብቻ የሚያከብበው። እኔም ከአዲስ አበባ በሰው አስመጣሁት።

መምህሩ፦ ውስጡ ያለው ቀለምስ?

አናጢው፦ እሱም ከውጭ።

መምህሩ፦ ሲያልቅ ከየት ነው የምተካው? እዚህ ሱቅ አለ?

አናጢው፦ እዚህ እንኳ አላየሁም። አዲስ አበባም ተፈልጎ ነው።

መምህሩ፦ እንግዲያው የሸጥክልኝ አንድ ቀለም ብቻ ነው። ቀለሙ ያለቀ ዕለት ዋንዛውን ኪሴ ላይ ሰክቼ እዞራለሁ።

አናጢው፦ ጋሼ፣ ዛሬ ለነገር ነው የመጡት።

መምህሩ፦ ለነገር አይደለም። በእጅ የተሠራ ስትለኝ የየትኛው እጅ እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው። ቁም ጸሐፊ የሚባለውን ሰው ታውቃለህ? ብራና የሚጽፈውን። ዛሬም ጎጃምና ጎንደር አካባቢ ሙያው አልጠፋም። ያ ሰው ብዕሩን መቃ ቆርጦ ራሱ ይሠራል፤ ጫፉን በቢላ አሹሎ መሃሉን ይሰነጥቀዋል፤ ቀለሙ በስንጥቁ ነው የሚወርደው። ሲደንዝ እንደገና ይቀርጸዋል። ቀለሙንም ራሱ ያበጃል። ከምጣድና ከድስት ቂጥ ጥላሸት ይፋቃል፤ እህል እስኪያር ይቆላል፤ ቅጠል ይጨመራል፤ ከግራር የሚወርደው ሙጫ ይገባበታል። ይወቀጣል፣ በውሃ ይለወሳል፣ ለወራት ይቀመጥና ይብላላል። ሙጫው ነው ጥላሸቱን ከብራናው ጋር የሚያጣብቀው። ቀለሙ የሚቀመጠው በከብት ቀንድ ነው፤ የቀንዱ ጫፍ መሬት ላይ ይተከላል፣ አንዱ ለጥቁሩ፣ አንዱ ለቀዩ። ቀዩ ለቅዱሳን ስምና ለመክፈቻው ነው። ብራናውንም ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ፍቆ፣ ወጥሮ፣ አለስልሶ ያዘጋጃል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከውጭ የመጣ ነገር ቢኖር የቀዩ ማቅለሚያ ነው፤ እሱም ሁልጊዜ አይደለም። የአባ ገሪማ ወንጌል አድዋ አጠገብ አለ፤ ብራናው በካርቦን ሲመረመር ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት መካከል ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ጽሑፉ ዛሬም ይነበባል።

አናጢው፦ ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ልበልዎ፤ አይቆጡኝም?

መምህሩ፦ መቼ ተቆጥቼህ አውቃለሁ?

አናጢው፦ አራተኛ ክፍል እያለሁ። ይሁን። ያ ታሪክ የጎጃም ነው፣ የትግራይ ነው። እኛ ቤት ጽሕፈት በብራና አልመጣም። የእኔ ቅድመ አያት ቀንድ የሚያውቀው ለመጠጫ ነው፤ ለቀለም አይደለም። እኔ መቃ ቀርጬ ብሸጥ የማን ልጅ ነኝ ልል ነው?

መምህሩ፦ (ትንሽ ዝም ብለው) ልክ ነህ። ወላይትኛ ወረቀት ላይ የወጣው በቅርብ ነው። ሚሲዮኖቹ ሶዶ የገቡት በ1920 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ የቅዱስ መጽሐፍ ክፍል መተርጎም የተጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው። ለብዙኃኑ ግን ጽሕፈት የመጣው በመሠረተ ትምህርት ነው። ሐምሌ 1971 ዘመቻው ሲታወጅ እኔ ገና ጎረምሳ ነኝ። በ15 ቋንቋ ነው የተሰጠው፤ ወላይትኛ አንዱ ነበር፤ ያኔ የተጻፈው በፊደል ነው፣ በላቲን አይደለም። ላቲኑ የመጣው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ዩኔስኮ በ1980 እ.ኤ.አ. ሸልሞናል። እኔ የማስታውሰው ግን ሽልማቱን አይደለም። እርሳስ አይበቃም ነበር። አንዱን እርሳስ ለሁለት ቆርጠን ለሁለት እናት እንሰጥ ነበር። ከእርሻ የመጣ እጅ፣ ቆጮ ሲፍቅ የዋለ እጅ፣ ያቺን ቁራጭ ሲይዛት ትጠፋበታለች። አንዷ ቀርከሃ ሰንጥቃ እርሳሷን ከትታ ቃጫ ጠምጥማባት መጣች። እጀታ አበጀችለት ማለት ነው። ከዚያ ሁሉም እንደ እሷ አደረጉ።

አናጢው፦ ይሄን ነግረውን አያውቁም።

መምህሩ፦ ማን ጠየቀኝ? ስለ ወላይትኛ መጻፍ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው 1992ን ነው። ወጋጎዳ። አራት ቋንቋ ደባልቀው መጽሐፍ አሳትመው ሲልኩ ሕዝቡ አንቀበልም አለ፤ ሶዶ ላይ የሆነው ሆነ፤ መጽሐፉ ተሰበሰበ፤ በ1993 ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። እሱ ትልቅ ነገር ነው፤ መወራቱ ተገቢ ነው። ግን ያቺ የቀርከሃ እጀታም አለች።

አናጢው፦ እንግዲያው የእኔ ሥራ ከዚያች ሴት ይቀጥላል እንጂ ከቁም ጸሐፊው አይደለም።

መምህሩ፦ አሁን ገባህ። ይልቅ ያ ጥግ ላይ ያለው ሰማያዊው ምንድን ነው? እሱ እንጨት አይደለም።

አናጢው፦ ግማሹ ነው። ግማሹ ሬዚን ነው፤ ኤፖክሲ የሚሉት። አዲስ አበባ በእሱ ጠረጴዛ ይሠራሉ፤ በእንጨቱ መሃል ወንዝ የሚመስል ሰማያዊ የሚያፈሱበት፤ አይተው ይሆናል። ሁለት ፈሳሽ ነው፤ በልኩ ሲደባለቅ ይሞቅና ይደርቃል። ልኩ ከተዛባ ለዘላለም እንደተጣበቀ ይቀራል። የተሰነጠቀ፣ ነቀዝ የበላው፣ ማንም የማይፈልገው እንጨት በእሱ ተሞልቶ ይድናል። ይሄኛው ያረጀ የቡና ግንድ ነው። ቡናው ሲጎነደል የወደቀ።

መምህሩ፦ የቡና እንጨት ለዚህ ይሆናል?

አናጢው፦ ከሁሉም ይበልጣል። ነጣ ያለ ነው፣ ጠጣር ነው፣ ጭረቱ ደቃቅ ስለሆነ እንደ ዋንዛ ቀዳዳ አይበዛውም። ገበሬው ቡናው ሲያረጅ ከመሬት አንድ ክንድ ሳይሞላ አጋድሞ ይቆርጠዋል፤ ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ እንዲያወጣ። የተቆረጠው ግንድ ማገዶ ነው። እኔ ከማገዶው ክምር ውስጥ መርጬ እገዛለሁ። ባለቤቱ እብድ ነው የሚለኝ። ከአንድ ሸክም ውስጥ ቀጥ ያለ ሁለት ሦስት ነው የሚገኘው፤ ቡና መጣመም ይወዳል።

መምህሩ፦ በዚያ ላይ ማንም አይከስህም። ዋንዛ ግን ተጠንቀቅበት። በ1986ቱ የደን አዋጅ ኮሶ፣ ዝግባ፣ ጥድና ዋንዛ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ተከልክለው ነበር። ከዚያ በኋላ አዋጁ በሌላ ተተክቷል። ገበሬ በማሳው ያሳደገው ሌላ ነው።

አናጢው፦ ለዚህም ነው ቁራጩን የማልጥለው። ዋንዛ በየዓመቱ ውድ እየሆነ ነው። ነገ ግራቪሊያና ባሕር ዛፍ ብቻ ነው የሚቀረን። ወይራማ ከፈረሰ ቤት ምሰሶ ካላገኘሁ የለም። ሲገኝ ግን! ቡናማ ላይ ጥቁር መስመር አለው፤ ቶርኖ ላይ ሲወጣ ቤቱን ሁሉ የወተት ዕቃ ያጠኑበት ነው የሚያስመስለው።

መምህሩ፦ ወደ ሰማያዊው ተመለስ። (ያሸቱታል) ይሄስ ምንም አይሸትም።

አናጢው፦ ከደረቀ በኋላ አይሸትም። ሲፈስ ነው ችግሩ። እዚህ ዝናብ ይበዛል፣ እንጨት እርጥበት ይይዛል፤ እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ሬዚኑ ሲሞቅ ውሃው ተን ሆኖ ይወጣና አረፋ ይሠራል። ፈረንጆቹ ግፊት ባለው ድስት ውስጥ ነው የሚያደርቁት፤ ግፊቱ አረፋውን ያሳንሰዋል። እኔ ድስቱ የለኝም። በትንሽ በትንሹ ነው የማፈሰው፤ አንዱ ሲይዝ ሌላውን። ወፍራም አድርገው በአንዴ ካፈሰሱት ራሱን አቃጥሎ የፕላስቲኩን ኩባያ ያቀልጠዋል።

መምህሩ፦ እጅህ ላይስ?

አናጢው፦ ጓንት አደርጋለሁ። ቆዳ ከለመደው በኋላ ይቆጣል ይላሉ፤ አንዴ ከተቆጣ ዕድሜ ልክ ነው። ሲከበብም ብናኙ መጥፎ ነው። የዋንዛ ሰጋቱራ ይሸተታል፣ ይነሳል፣ ያልፋል። ይሄኛው ደቃቅ ነው፤ አፍንጫ ላይ ጨርቅ ማሰር አይበቃውም። እናቴ ጋ ይዤው አልገባም።

መምህሩ፦ እንግዲያው ለምንድን ነው የምትወደው?

አናጢው፦ ገዢ ይወደዋላ! ይሄን ይዩት። (ከመሳቢያ ያወጣል) ዱንጉዛ ነው። ከልብስ ሰፊ የወደቀ ቅዳጅ፣ ቱቦው ላይ ጠምጥሜ ላዩ ላይ የጠራ ሬዚን አፍስሼበታለሁ። ቀዩ፣ ቢጫው፣ ጥቁሩ ከውስጥ ይታያል። ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነ ወዲህ፣ ከ2015 ነሐሴ ጀምሮ ማለቴ ነው፣ ስብሰባው በዝቷል፣ እንግዳው በዝቷል፣ ፊርማው በዝቷል። እንግዳ ሲመጣ ስጦታ ይፈለጋል። ዩኒቨርሲቲውም ምርቃት አለው።

መምህሩ፦ ዱንጉዛ የሚለበስ ነገር ነው። ሸማኔው ፈትል ቆጥሮ የሠራው ሰው እንዲሞቀው ነው፤ መስታወት ውስጥ እንዲታሰር አይደለም። ይሄ የአውሮፕላን ማረፊያ ዕቃ ነው።

አናጢው፦ የአውሮፕላን ማረፊያ ዕቃ ከሆነ እሰየው፤ ገበያው እዚያ ነው። ጋሼ፣ ቅዳጁ እኮ ይጣል ነበር። የጣልነውን ማንሳቴ ነው ጥፋቴ?

መምህሩ፦ ጥፋት አላልኩም። ሬዚን ስንጥቅ ሲሞላ ይገባኛል፤ ሥራ አለው። ለጌጥ ብቻ ሲፈስ ግን እንጨቱን ወደ ጎን ይገፋዋል። ሳየው ዓይኔ ሰማያዊው ላይ ነው የሚሄደው፤ ቡናው ተረስቷል። በዚያ ላይ ፀሐይ ላይ ሲውል ቢጫ ይሆናል ይባላል።

አናጢው፦ ርካሹ ይሆናል። እውነት ነው።

መምህሩ፦ ቀንድ አስበህ ታውቃለህ?

አናጢው፦ የምን ቀንድ?

መምህሩ፦ የበሬ ነዋ! ወላይታ ተቀምጠህ ቀንድ አጣህ? ሶዶ ስንት ሥጋ ቤት አለ? ከየአገሩ መኪና እያቆመ ቁርጥ ሊበላ የሚገባው ሕዝብ፣ ዳጣውን እያጣቀሰ፤ የበሬው ቀንድ የት ይሄዳል? ይጣላል። በፈላ ውሃ ሲቀቀል ይለሰልሳል፤ ሲጫን ቅርጽ ይይዛል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። አባቶቻችን ዋንጫ የሠሩበት ነው። ጥቁሩ ላይ ነጭ ጅማት የሚመስል መስመር አለው፤ ማንም ሬዚን እንደዚያ አይሆንም።

አናጢው፦ አስቤዋለሁ፤ ሞክሬዋለሁም። ሲቆረጥ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው የመጣብኝ።

መምህሩ፦ (ይስቃሉ)

አናጢው፦ ሌላም አለበት። እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቅርፊት ቅርፊቱ ይላቀቃል። ብልም ይበላዋል። ሙሉ የእስክሪብቶ ቀፎ ከቀንድ አይሆንም። ጫፉ ላይ፣ አፉ አካባቢ፣ እንጨቱ እንዳይበላ ቀለበት ቢሆን ግን ጥሩ ነው።

መምህሩ፦ ያው። የምልህ እሱን ነው። የተገዛውን የብረት ጫፍ አውጥተህ ጣለውና ከቀንድ አብጀው።

አናጢው፦ ከዚያ መጠምዘዣውስ? ማንጠልጠያውስ? ቀለሙስ? ኳሷን ከምን ልሠራት ነው? ያቺ ጫፍ ላይ ያለች ኳስ እኮ አንድ ሚሊ ሜትር ናት ወይም ከዚያ በታች፤ ተንግስተን ካርባይድ ነው፣ ከመሮዬ ትጠነክራለች።

መምህሩ፦ ኳሷን ሥራ አላልኩህም። እሷን የፈለሰፋትም ሰው ብቻውን አልሠራትም። ቢሮ ይባላል፤ ሃንጋሪ ነው፣ ጋዜጠኛ። የማተሚያ ቤት ቀለም ቶሎ ሲደርቅ አየ፤ የብዕር ቀለም ግን ያቆሽሻል። ያ ወፍራም ቀለም በብዕር ጫፍ አይወርድም፤ ስለዚህ የሚሽከረከር ኳስ አስቦ በ1938 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት አወጣበት። ቀለሙን ያስተካከለለት ወንድሙ ነው፤ ኬሚስት ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ አርጀንቲና ገቡ፤ የእንግሊዝ አየር ኃይል እስክሪብቶውን ገዛ፣ ሰማይ ላይ ቀለሙ ስለማይፈስ። ከዚያ ማርሴል ቢክ የሚባል ፈረንሳዊ በ1950 እ.ኤ.አ. ርካሽ አድርጎ አወጣት። ያቺ የምናውቃት፣ ባለ ስድስት ማዕዘኗ፣ ውስጧ የሚታየው። በ2006 እ.ኤ.አ. መቶ ቢሊዮንኛዋ ተሸጠች። መቶ ቢሊዮን! እዚህ ቦምቤ ስንቷን ጥያለሁ።

አናጢው፦ ለምን ይሄን ሁሉ ይነግሩኛል?

መምህሩ፦ ልብ በል እንጂ። ያቺ እስክሪብቶ የትም ሱቅ አለች። ወይም እሷን የሚመስል፤ የቻይና ይሁን የሕንድ። ሻማና ክብሪት ካለበት ሱቅ እስክሪብቶ አለ። ፕላስቲኩ ሲሰበር ወይም ቀለሙ ሲያልቅ ትጣላለች። አንተ ከውስጧ ቀጭኗን ቱቦ አውጥተህ ቀፎህን ለእሷ ልክ አድርገህ ብትበሳው ምን ይጎድልሃል? ነሐስ አትገዛ፤ መጠምዘዣ አትገዛ። ቀለሙ ያለቀበት ሰው ሱቅ ሄዶ ርካሿን ገዝቶ፣ በጥርሱ ጫፏን ነቅሎ ያንተ ቀፎ ውስጥ ይከታታል። ልጆች ጫፉን በጥርስ ሲነቅሉ ዕድሜ ልኬን ስቆጣ ኖሬያለሁ፤ ለካ ለበጎ ነው።

አናጢው፦ (ይስቃል፤ ከዚያ ከጆሮው ላይ ሰማያዊ ፕላስቲክ እስክሪብቶ አውርዶ ጫፉን ይነቅላል፤ ቱቦዋን በመለኪያ ይይዛታል) 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። በ3 ወይ በ3 ተኩል ፑንታ ይበሳል። ግን ቀጭን ፑንታ ረጅም እንጨት ውስጥ ይታጠፋል፤ አቅጣጫ ይስታል።

መምህሩ፦ ከሁለቱም ጫፍ ብትበሳው?

አናጢው፦ መሃል ላይ ላይገናኝ ይችላል። ወይስ... ለሁለት ሰንጥቄ በመሃሉ ቦይ ፍቄ እንደገና በኮላ ላጣብቀው? የእርሳስ ፋብሪካ እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ ሁለት ጣውላ፣ በመሃሉ ቦይ። ጭረቱ ከተመሳሰለ መጋጠሚያው አይታይም። ፑንታም አያስፈልገውም።

መምህሩ፦ በእጅ መጋዝም ይሠራል።

አናጢው፦ መብራት ባይኖርም ይሠራል! (ቁራጩን ያገላብጣል) ደግሞ ነሐስ ከሌለው እንጨቱ ወፍራም ይሆናል። ሸሚዝ አይደለማ፤ ሙሉውን እንጨት ነው። የያዘው ሰው ዋንዛ መያዙን ያውቃል።

መምህሩ፦ የዚያች የቀርከሃዋ ሴትም እንደዚያው ነበር፤ ሰንጥቃ።

አናጢው፦ አንድ ችግር ግን አለ። ገዢ ክብደት ይወዳል። ነሐሱ ያለበትን ሲይዘው ዕቃ ነው ይላል። ቀላሉን ሲይዝ ደግሞ እርሳስ ነው ይላል። ሹም እርሳስ በሚመስል ነገር አይፈርምም።

መምህሩ፦ ለሹሙ ነሐስ ያለበትን ሥራለት፤ ዱንጉዛውንም ጨምርለት፣ ዋጋውንም ጨምርበት። እኔ ለሌላ ነው የምልህ። ለሚጽፍ ሰው። ለአስተማሪ፣ ለነርስ፣ መዝገብ ለሚይዝ የማኅበር ጸሐፊ። በዓመት ስንት እስክሪብቶ የሚጨርስ ሰው አንድ ቀፎ ይኖረዋል፤ የሱ ይሆናል፤ ስሙን ይቀርጽበታል፤ ሲሰረቅ ያለቅሳል።

አናጢው፦ ዋጋውን ማን ይከፍላል? ፕላስቲኩ እኮ ከአንድ ስኒ ቡና አይበልጥም። የእኔ ግማሽ ቀን ይወስዳል።

መምህሩ፦ እሱ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ለማንም አትዋሽ፤ ርካሽ አይሆንም። ግን የምትሸጠው የጉልበትህን ብቻ ይሆናል፤ ለዕቃ አምጪ የምትከፍለው የለም። የዝንጅብሉ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ቦምቤ ዝንጅብል ብቻ ተክላ፣ በ2004 በሽታው ሲገባ ሁሉም ባዶ እጁን ቀረ። ከአንድ ቦታ ብቻ በሚመጣ ነገር ላይ ኑሮ መጣል እንደዚያ ነው። ያንተ ዕቃ አምጪ አንድ ወር ቢዘገይ ምን ትሠራለህ?

አናጢው፦ በር እሠራለሁ።

መምህሩ፦ (ይስቃሉ) እሱም መልስ ነው።

አናጢው፦ ሌላ የሚያሳስበኝ ሰው ነው ጋሼ። አባቴ አናጢ ስሆን አልወደደውም። ተምረህ በእጅህ ልትሠራ ነው ወይ አለኝ። እስክሪብቶ መሥራቴን ሲያይ ደግሞ በእስክሪብቶ ሥራ እንጂ እስክሪብቶ አትሥራ አለኝ።

መምህሩ፦ አባትህ ጨዋታ ያውቃል። ግን ነገሩ ያረጀ ነው። እዚህ አገር ሸክላ የሚሠራውን፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ቆዳ የሚያለፋውን ለይቶ ማስቀመጥ ነበር፤ ጪናሻ፣ ወጋቼ፣ ደጌላ እያለ። አብሮ አይበላም፣ አይጋባም። በድስቱ ግን ይበላል፣ በማረሻው ያርሳል። ወላይታ ብቻ አይደለም፤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን አትስደቡ ብለው አዋጅ ማውጣት አስፈልጓቸዋል። አንጥረኛውና ሸማኔው ብቻ መሰሉህ የሚሰደቡት? የሚጽፈውም ነበረበት፤ ጠንቋይ እየተባለ። እንግዲህ አንተ ሁለቱንም ስድብ ደርበህ ወርሰሃል።

አናጢው፦ አመሰግናለሁ ልበላ!

መምህሩ፦ በል አሁን ወደ ሥራ። አንድ ሥራልኝ። ከበሩ ቁራጭ፣ ተሰንጥቆ የተጣበቀ፣ አፉ ላይ የቀንድ ቀለበት፣ ቀለሙ የሱቅ።

አናጢው፦ ቀንዱን ከሶዶ እርስዎ ያመጡልኛል። ቀቅለው ያምጡት፤ እዚህ አልቀቅልም፤ ጎረቤት አስታርቄ ሳልጨርስ።

መምህሩ፦ እሺ፣ አመጣለሁ። ሥጋውንም እግረ መንገዴን እበላለሁ። አንድ ነገር ልብ በል ደግሞ፤ ያቺ ፕላስቲኳ ወገቧ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለቻት፤ አይተሃታል?

አናጢው፦ (ባዶውን ፕላስቲክ ወደ ብርሃኑ ያነሳዋል) አዎ። ይቺውና። ሁልጊዜ ፋብሪካ የሳተው ነበር የሚመስለኝ።

መምህሩ፦ አልሳተም። ቀለሙ ወደ ኳሷ ሲወርድ ከላዩ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ እዚያ አየር ካልገባ ቀለሙ ይቆማል። ቱቦዋ ከላይ ክፍት ናት፤ ቀፎው ደግሞ ያስተነፍሳታል። ያንተ ዋንዛ በኮላና በሰም ከተደፈነ ግማሽ ገጽ ጽፌ ይደርቅብኛል።

አናጢው፦ በሙቅ ወስፌ እበሳታለሁ። የት ላይ ልበሳት? ጫፉ ጋ ብትሆን አትታይም።

መምህሩ፦ ከላይ አድርጋት፤ አውራ ጣት የማይደርስበት ላይ። ላቤ አይድፈናት።